የ11 ሰዓት ቡና

ጎበዝ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ዕድሜው ከ60 ያለፈ ሰው «እንቅልፍዎ እንዴት ነው?» ሲባል መልሱ ያለቀ ነው። «እንቅልፍማ ድሮ ቀረ።» አንዱ የልጆቹን ነገር ያነሣል፣ ሌላዋ የአገሩን ነገር፣ ሦስተኛው ደግሞ «እግዜር ለጸሎት ሲቀሰቅሰኝ ነው» ብሎ በበጎ ይተረጉመዋል። ከሦስቱም ጋር ክርክር የለኝም። አሳቡማ እውነት ነው፤ በዚህ ዘመን እዚህ እየኖረ ተዘርሮ የሚያንኮራፋ ካለ ፈጣሪውን ያመስግን። ግን ማንም ስሙን የማያነሣው አራተኛ ምክንያት አለ። ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ላይ የሚፈላው ቡና፣ ከነስኳሩ፣ ከነቁርሱ።

የደጋ ከተማ ጠባይ ነው። ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል ብርዱ አጥንት ይገባል። ሰው ጋቢውን ደርቦ እሳት ያለበት ቤት ይፈልጋል፤ እሳት ያለበት ቤት ደግሞ ቡና ያለበት ቤት ነው። ጎረቤት ይጠራራል። ስኳሩ አስቀድሞ ሲኒው ውስጥ ይገባል፤ ለትልቅ ሰው ሲሆን «ጣፈጥ ይበልላቸው» ተብሎ አንድ ማንኪያ ይደገማል፤ ቡናው ከላይ ይንቆረቆርበታል። አማስለው ካልጠጡት ከሥር ያልሟሟ ስኳር ይቀራል። ችግር የለም፣ ቶናው ሲቀዳ እሱም ይሟሟል፣ ላዩ ላይም ሌላ ስኳር ይታከልበታል። በረካውን ሳይጠጡ መነሣት ነውር ነውና ማንም አይነሣም። ጨዋታው ሲያልቅ ምሽት ይሆናል፣ እራት ይቀርባል፣ 3 ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል። ከዚያ እናታችን ጣራ ጣራ ሲያዩ ያድራሉ።

እስቲ በኛው ሰዓት እናስላው። ጤነኛ ሰው ከጠጣው ካፌይን ግማሹን ለማስወገድ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ አንዱ ግማሹን በ3 ሰዓት ይጨርሳል፣ ሌላው 7 እና ከዚያም በላይ ይቆይበታል። እንግዲህ 11 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ሰውነት ውስጥ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሩቡ አለ።

ሥራውም እንዲህ ነው። ቀኑን ሙሉ ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር ይጠራቀማል፤ «ደክመሃል፣ ተኛ» የሚለን እሱ ነው። ካፌይን ግን የሰው ወንበር ቀድሞ እንደያዘ እንግዳ፣ አዴኖሲን የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቁጭ ይላል። ድካሙ አልጠፋም፤ መልእክቱ ነው ያልደረሰ።

«እኔን ቡና አይነካኝም፣ ጠጥቼ ለጥ ነው» የሚል ሰው በየቤቱ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የአሜሪካ፣ ዲትሮይት ጥናት ለእንዲህ ያለው ሰው ደኅና መልስ አለው። ከመኝታ 6 ሰዓት አስቀድሞ 400 ሚሊግራም ካፌይን የወሰዱ ሰዎች ከአንድ ሰዓት የሚበልጥ እንቅልፍ አጥተዋል፤ ራሳቸው ግን ጉድለቱን በቅጡ አላስተዋሉትም። በርግጥ መጠኑ ትልቅ ነው፤ ሦስት ትንንሽ ሲኒ ያን ያህል አይሞላም። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች የእናቴ ዕድሜ ላይ አልነበሩም።

ዕድሜ እዚህ ላይ ይገባል። ጥልቁ እንቅልፍ ከወጣትነት ጀምሮ እየሳሳ ይመጣል። የትልቅ ሰው እንቅልፍ ቀላል ነው፤ ውሻ ጮኸ ብሎ ይነቃል፣ በር ተንኳኳ ብሎ ይነቃል፣ በጊዜ ይመጣል በጊዜም ይሄዳል። ይህ በሽታ አይደለም። ግን በ25 ዓመቱ ሦስት ሲኒ ጠጥቶ የሚተኛው ሰውዬ፣ በ65 ዓመቱ ያንኑ ሦስት ሲኒ ጠጥቶ ሲገላበጥ የሚያድረው ለዚህ ነው። ቡናው አልተለወጠም፣ የሚያርፍበት እንቅልፍ ነው የሳሳው። ነገሩን የሚያብስ መድኃኒትም አለ። ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ሲፕሮፍሎክሳሲን ካፌይን ከሰውነት የሚወጣበትን ፍጥነት ያዘገየዋል። እሱን እየወሰዱ የማታውን ቡና እንደ ወትሮው የሚጠጡ ትልልቅ ሰዎች ሌሊቱ ቢረዝምባቸው አይገርምም።

ጾም ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። ጾምን መንካቴ አይደለም። በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩት አብዛኞቹ ትልልቆቹ ናቸው፤ የጠዋቱም የቀትሩም ቡና ተጠራቅሞ ከ9 ሰዓት በኋላ ይወርዳል። የለመደ ሰው ካፌይን ሲያጣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን ያመው ይጀምራል። ስለዚህ ሲፈታ ለአንድ ሲኒ አይቀመጥም፣ የራስ ምታቱን እስኪያስለቅቅ ይጠጣል። ከዚያ ሌሊቱን ነቅቶ ያድርና «ጾሙ አደከመኝ» ይላል።

አሁን «ባህላችንን ልትነካ ነው» የሚለኝ ይመጣል። ባህል ነው፣ እሺ። ግን የደጋው ክርስቲያን ቡና መጠጣት የጀመረው ብዙዎቻችን እንደምናስበው ከጥንት አይደለም። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ካህናቱ ቡናን የእስላም መጠጥ ነው ብለው ያርቁት ነበር፤ ነገሩ የላላው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው፣ ንጉሡ ራሳቸው ሲጠጡና አቡነ ማቴዎስም ሲያለዝቡት። (ዘጌን የምታነሡ አላችሁ። ልክ ናችሁ፣ የዘጌ ቡና የቆየ ነው፤ ዘጌ ግን የጣና ዳር እንጂ የኛ ደጋ አይደለም።) ስኳሩማ ከዚያም ወዲህ ነው። የወንጂ ፋብሪካ ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ገጠር የወጣ ሰው ያውቀዋል፣ ቡና በጨው የሚጠጣበት ቤት ዛሬም አለ። የቡና ቁርስም ቆሎና ንፍሮ ነበር፤ ፈንዲሻ ላይ ስኳር መነስነስ፣ ከሱቅ ብስኩት ማስመጣት፣ ከኬክ ቤት ቦምቦሊኖ መጠቅለል የቅርብ ጊዜ ሙያ ነው።

ስለ ስኳሩ ያለው ማስረጃ እንደ ካፌይኑ የጠነከረ አይደለም፤ አላጋንንም። እ.ኤ.አ. በ2016 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 26 ሰዎችን አጥንተው፣ ስኳር ያበዙት እንቅልፋቸው ቶሎ ቶሎ ይቆራረጥ እንደነበር ጽፈዋል። በ26 ሰው አልምልም። ሽንቱ ግን ምስክር አያስፈልገውም። ደሙ ውስጥ ስኳር የበዛ ሰው ሰውነቱ ትርፉን በሽንት ያወጣል፣ ውኃውንም አብሮ ይጎትታል። ሌሊት በዚያ ብርድ ጋቢ ለብሶ፣ ባትሪ ይዞ፣ ግቢው ጥግ ድረስ ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚመላለስ ሽማግሌ እንቅልፉ ከየት ይመጣል? ያውም ውኃ ጥም ከተጨመረበት «ዕድሜ ነው» ብሎ መተው አይገባም፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ ስኳሩን መለካት ነው።

መጠኑንም እንየው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ አንድ ዐዋቂ በቀን ከሚጨመር ስኳር ከ50 ግራም ገደማ እንዳያልፍ፣ ቢችል ደግሞ ወደ 25 እንዲወርድ ይመክራል። አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ነው። አቦል ሁለት ማንኪያ፣ ቶና ሁለት፣ በረካ ሁለት፤ 24 ግራም። የተሻለው ልክ በአንድ ረከቦት አለቀ፤ የጠዋቱ ሻይ፣ ብስኩቱና ፈንዲሻው ገና አልተቆጠሩም። እንግዳ መጣ ተብሎ ኮካ ከተከፈተ ጠርሙሱ ብቻውን 30 ግራም ያህል ስኳር አለው፣ ካፌይንም ጭምር።

እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ በማግስቱ ጣፋጭ ያምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 ቺካጎ ውስጥ የተሠራ ጥናት፣ ሁለት ሌሊት 4 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ የተደረጉ ወጣቶች ረሃባቸው እንደጨመረና ይበልጡን ጣፋጭና ዳቦ ነገር እንዳማራቸው አሳይቷል። የኛም ሽማግሌ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ሲያንቀላፋ ይውልና፣ ለመንቃት 11 ሰዓትን በጉጉት ይጠብቃል። ከዚያ በላይ የሚያስፈራኝ ከፋርማሲ የሚመጣው የእንቅልፍ ኪኒን ነው። ኪኒን የዋጠ ትልቅ ሰው ሌሊት ለሽንት ሲነሣ ይንገዳገዳል፣ ይወድቃል፣ ዳሌው ይሰበራል።

ታዲያ ምን ይሁን? ከአዲስ አበባ ወይም ከአሜሪካ ደውሎ «እማየ፣ ቡና ይተዉ» ማለት ቀላል ነው፤ ለኔ ግን ጭካኔ ነው። ቡናው ከቀረ ማን ይመጣል? ጎረቤቷ ምን ብላ ትገባለች? የቡናውን ሰዓት እንጂ ቡናውን አትንኩ። ጠዋት አቦሉን በደንብ ይጠጡ። ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ካለፈ ለእሳቱ ሌላ ነገር ይጣድ፦ ጦስኝ፣ ወይም ሻይ ቅጠል ያልገባበት ቀረፋና ቅርንፉድ። በአንድ ቀን ማቋረጥ ራስ ምታት ስለሚያመጣ ቀስ ተብሎ ነው። የግድ ማታ ከሆነ ደግሞ ለትልቅ ሰው በረካው ይቀዳ፤ ያው አተላው ተደግሞ የፈላ ስለሆነ ከአቦሉ የቀጠነ ነው። ይህቺ ግን ታጣላለች፤ አቦል ለታላቅ ነው፣ እኔስ ብሆን ለእናቴ በረካ ቀድቼ ፊቷን ማየት አልፈልግም።

ለነገሩ ካፌይን የለውም ሊባል የሚችል ዐረቢካ ቡና በተፈጥሮው አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች ማግኘታቸውን «ኔቸር» መጽሔት ላይ አሳወቁ፤ ዘሩ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኢትዮጵያ የተሰበሰበ ነው። እስከ ማርቆስ ገበያ አልደረሰም።

የኔ ችግር ሌላ ነው። እኛ ቤት ቡናውን የምታፈላው የመንግሥት ሠራተኛ ናት፣ ከሥራ የምትወጣው አመሻሽ ላይ ነው፣ ጎረቤቱም እንዲሁ። ጠዋት ቤቱ ባዶ ነው፤ እናቴ ብቻዋን ቁጭ ብላ አቦል አትጠጣም፣ ማንም አይጠጣም። ለቅዳሜና እሑድ መላ አግኝቻለሁ፤ ከቅዳሴ መልስ እንዲፈላ ተስማምተናል። ለሥራ ቀኑ ግን አልመጣልኝም። እናንተ ሰፈር እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ።