የክረምት ዲግሪ

ድሮ ሐምሌ ሲገባ አርባ ምንጭ መናኸሪያ ላይ መምህርን ከነጋዴ ለመለየት ሸክሙን ማየት ይበቃ ነበር። ከጨንቻ፣ ከዲታ፣ ከቦንኬ፣ ከካምባ በጭነት መኪና ላይ ተፈናጥጠው የሚወርዱት የክረምት ተማሪ መምህራን የተጠቀለለ ፍራሽ፣ ቢጫ ጀሪካን፣ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮና ቡልኮ ይዘው ነበር የሚመጡት። ቡልኮው የቆላውን ሰው ያስቀው ነበር። 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተቀመጠችው ጨንቻ ቡልኮ ነፍስ ያድናል፤ አባያና ጫሞ ዳር ባለችው ከተማ ግን ሌሊት አንሶላ እንኳ ይከብዳል። ቢሆንም ትቶት የሚመጣ አልነበረም። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ወባ ሲያንዘፈዝፈው፣ ያ ቡልኮ ለምን እንደመጣ የሳቀውም ሰው ይገባዋል።

እኔም ከነዚያ ባለ ቡልኮዎች አንዱ ነበርኩ። ሰሞኑን ያን ዘመን ያስታወሰኝ የእህቴ ልጅ ናት። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር አንድ የገንዘብ ተቋም ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ትሠራለች። የማታ ትምህርቷን ልትጨርስ ትንሽ ሲቀራት አቋርጣው ተቀምጣለች። «ጋሼ፣ ልጨርሰው ወይስ ልተወው?» አለችኝ። በኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ አልነበረም። ዲግሪ ቢያገኙት የሚጨርሱት እንጂ የሚተዉት ነገር አልነበረማ።

የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1979 ዓ.ም. ሲከፈት ከተማችን ዲግሪ የሚባለውን ነገር በሰፈሯ አየችው። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ የመስኖና የሃይድሮሊክስ ተማሪዎች ሲቀላ ገበያ ሲዘዋወሩ ልጆች ተከትለው ያዩዋቸው ነበር። ለሥራ ላይ ላለ ሰው ግን ያ ግቢ እንደ ነጭ ሣር ሜዳ ከሩቅ የሚታይ ብቻ ነበር። ማትሪክ አምጥቶ፣ ሥራና ቤተሰብ ሳይኖረው፣ በመደበኛ የገባ ገባ። በመምህራን ማሠልጠኛ ሰርተፍኬት ይዞ ደጋ ላይ የተመደበው ሰው ዲግሪ ካማረው አዲስ አበባ ወይም ሌላ ከተማ መሄድ ነበረበት። የመንግሥት ደመወዝ በዲግሪ 500 ብር ይጀምር ነበር፤ የኛ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነበር። ያቺ 500 ብር በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ተወርታለች! አንዳንዱ ቤት ሠርቶባታል፣ አንዳንዱ አግብቶባታል፤ በወሬ ማለቴ ነው።

ኮተቤ ኮሌጅ ለክረምት ትምህርት የደረሳቸው ጥቂት ባልደረቦቼ ግን ሄደዋል። ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተንገላተው አዲስ አበባ ሲደርሱ የሚያርፉት ሽሮ ሜዳ፣ ዘመድ የሆነ ሸማኔ ቤት ነበር። ቀን ክፍል ውስጥ ይውላሉ፤ ማታ ባለቤቱ ከሽመና እንጨቱ ሲነሳ እነሱ ይገቡበታል፤ ሸማ ሠርተው የምግባቸውን ይከፍላሉ። ከዶርዜ የመጣ አንድ ባልደረባዬ ስለ ሥነ ልቦና ኮርሱ ሲጠየቅ ትዝ የሚለው ጥለቱ እንደነበር ይናገር ነበር። መወርወሪያውን እየወረወረ ነው ያጠናው። ሌላው ጨንቻ ጓሮው ውስጥ በሚስዮኖች በኩል የገባውን የፖም ችግኝ እያባዛ እየሸጠ ክፍያውን ሸፈነ። ያ ችግኝ በኋላ ከደመወዙ በልጦ ተገኘ። እስካሁን «እኔን ያስተማረኝ ፖሙ ነው፣ ኮሌጁ አይደለም» ይላል፤ እኔም አልከራከረውም።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከመጣ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ትምህርት ቤት እንደ እንጉዳይ ፈላ፤ ለእያንዳንዱ እርከን የሚያስፈልገው የመምህር ደረጃ ተወሰነ። ሰርተፍኬት ያለው ዲፕሎማ፣ ዲፕሎማ ያለው ዲግሪ ይያዝ ተባለ። ኢንስቲትዩቱም በ1996 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ትናንት ከአጥር ውጭ ሆነን የምናየው ግቢ በክረምት በሩን ከፈተልን። የሚያሳድደን ዲግሪ ነበር እንጂ እኛ እሱን አልነበረም ማለት ይቻላል። አንዳንዱ ለጡረታ ሁለት ዓመት ሲቀረው የጀማሪ ኮርስ ተመዝግቦ፣ ከልጁ እኩያ መምህር ፊት እጁን አውጥቶ «ጌታዬ፣ አልገባኝም» ሲል ሰምቻለሁ። ሳይገባው ግን አልወጣም።

የክረምቱ ትምህርት አንድ ብልሃት ነበረው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ስለሚከፈት የሚወስደው የመምህሩን ዕረፍት እንጂ የልጆቹን ክፍለ ጊዜ አልነበረም። ታዲያ ዕዳው የትም አልጠፋም፤ ወደ ቤት ሄደ። ሐምሌና ነሐሴ ደጋ ላይ ገብሱም ድንቹም እጅ የሚፈልግበት ጊዜ ነው። ባል ፍራሹን ጠቅልሎ ሲወርድ መኮትኮቱም፣ አጥሩም፣ የታመመችው ላምም ለሚስት ይቀራሉ፤ እንሰት መፋቁማ ድሮም የሷ ነው። ከዚያ የጋሞ መስቀል፣ ማስቃላ ይደርሳል። ጋሞ ለማስቃላ ዓመቱን ሙሉ ቅቤ ያጠራቅማል፣ ለበሬ ቅርጫ ብር ያስቀምጣል። ሸማኔው ከሽሮ ሜዳ አዲስ ልብስና ብር ይዞ «ዮ ማስቃላ!» እያለ ይገባል። መምህሩ ደግሞ ወባ ያከሳው ፊትና የውጤት ወረቀት ይዞ ይገባል። የቅርጫው ብር ምዝገባ ላይ አልቋል። በዚያ ቀን ከጎረቤት ሥጋ የተቀበለች ሚስት ስለ ዲግሪ ምን እንደምታስብ ጠይቄ አላውቅም። መልሱን ከፊቷ አይቼዋለሁ።

ምርቃት ሲደርስ ግን ያው የሀገሬው ሰው ሰብሰብ ይላል። ጋሞ ውስጥ ሃላቃ የሚባል ሹመት አለ። የሚሾመው ሰው ለሕዝቡ ድግስ ይደግሳል፣ ያለውን ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ የሀገሩ ጉዳይ ጉዳዩ ይሆናል፣ ዱቡሻ በሚባለው የሸንጎ ቦታ ላይ ይቀመጣል፣ የተጣላ ያስታርቃል። ሽማግሌዎቹ የመጀመሪያውን ባለ ዲግሪ መምህራቸውን ያዩት በዚያው ዓይን ነበር። ድግሱን ደገሰ፣ ጋውኑን ለበሰ፤ እንግዲህ የኛ ነው አሉ። አቤቱታ ሲጻፍ እሱ ይጠራል፣ ልጅ ከተማ ሲሄድ አድራሻው ይጠየቃል፣ የድንበር ሙግት ወረዳ ሲደርስ ፊት ይቆማል። የደመወዝ ጭማሪው ገና ሳይመጣለት የሀገሩ ሥራ መጣበት። ብዙዎቹ ያን ሸክም አልጠሉትም። ዛሬ ዲግሪ የያዘ ሰው መንደሩ ምን እንደሚጠብቅበት ማንም የሚነግረው የለም፤ የሚነገረው ስለ ደረጃ ዕድገት ማስታወቂያ ነው።

ቀስ በቀስ ዲግሪ ወደ ሰው መጣ። የማታው፣ የቅዳሜና እሑዱ፣ የርቀቱ፣ የግሉ ኮሌጅ፤ በአርባ ምንጭ ብቻ አይደለም፣ በየወረዳው ዋና ከተማ ቢሮ ተከፈተ። ሞጁል በፌስታል ይመጣል፤ ቲዩቶሪያል ቅዳሜ አለ። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ መንግሥት የርቀት ትምህርትን በሙሉ አገደ። ትንሽ ቆይቶ በገደብ ፈቀደው፤ የግል ተቋማት መምህራንንና የሕግ ባለሙያዎችን እንዳያሠለጥኑ ግን ከለከለ። ያኔ ሞጁሉን እንደታቀፈ ሜዳ ላይ የቀረ ሰው ስንት ነበር። ከታች በቅንነት ያነበበውና ከላይ ለንግድ የከፈተው አብረው ተመቱ።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ሌላ ነው። በኛ ጊዜ የክረምት ተማሪ ቢኮርጅ ከጎኑ ካለው ነበር፤ ያውም ሁለቱም ተሳስተው ይያዛሉ። በኋላ ግን ፎቶ ኮፒ ቤቱ ራሱ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። አሳይመንት በገጽ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ በጥቅል ዋጋ ይሸጣል። ጽሑፉ ላይ የወረዳ ስም ብቻ ይቀየራል፤ የጋሞ ገበሬ ስለ ሙዝ ገበያ ተጠይቆ የመለሰው መልስ ከሌላ ዞን ከመጣ የቡና ገበሬ መልስ ጋር ቃል በቃል አንድ ሆኖ ያነበብኩበት ቀን አለ። የጻፈው ልጅ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ለስንት ሰው ዲግሪ እንደሠራ ያውቃል፤ ለራሱ አልነበረውም።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና መጣ። በመንግሥትም በግልም ተቋም የተማረ ሁሉ አንድ ዓይነት ፈተና ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጣል፤ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪ አይሰጠውም። በመጀመሪያው ዙር ከ150 ሺሕ በላይ ተፈታኝ ተቀምጦ ያለፈው 40 በመቶ ገደማ ነው። ከመንግሥት ተቋማት 62 በመቶ ያህሉ አለፉ፤ ከግሎቹ 17 በመቶ ገደማ። ይህን ቁጥር የሰማን ቀን የኛ ትውልድ መምህራን ትንሽ ኮራን፤ «እኛ ነን እውነተኞቹ» አልን። ኩራቱ ብዙ አልቆየም። የወደቁትን ያስተማርናቸው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እኛው ነንና።

ፈተናው ቀድሞ ያልነበረ ዓይነት ሰው ፈጥሯል፤ ኮርሱን ጨርሶ ዲግሪ የሌለው። ክፍያውን ከፍሏል፣ ጋውን ለብሶ ፎቶ ተነስቷል፣ ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል፤ መሥሪያ ቤቱ ማስረጃ ሲጠይቀው ግን የሚያቀርበው የለውም። እንደገና መፈተን ይፈቀድለታል። ቀን ሙሉ መስኮት ላይ ደንበኛ ሲያስተናግድ የዋለ ሰው ግን የአራት አምስት ዓመት ኮርስ መቼ ነው የሚከልሰው? የእህቴ ልጅ የቆመችው እዚህ ላይ ነው። ትምህርቱ አልከበዳትም። ከሴቻ ወደ ሲቀላ ማታ በባጃጅ ወርዳ ሁለት ሰዓት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ስትመለስ ልጇን ተኝቶ ታገኘው ነበር። ያም አልፎ ፈተናውን ብትወድቅስ የሚል ፍርሃት ገባባት። አብረዋት ከሚሠሩት ሁለቱ ወድቀው፣ ወሬውን ቀድሞ የሰማው ጥበቃው ነበር አለችኝ። ይህም ያሳፍራል ለካ።

የሷን ጥያቄ የሚመልሰው፣ በኔ ግምት፣ ደመወዝ አይደለም። ሁሉም መጀመሪያ የሚያሰላው እሱን ነው፤ ጭማሪው ስንት ነው፣ በስንት ዓመት ያወጣኛል ይላል። ገና ከዜሮ የሚጀምር ሰው እንዲህ ቢያሰላ እኔም እደግፈዋለሁ፤ በሥራው ላይ ያለ የሙያ ሥልጠና ከማያውቀው ዘርፍ ዲግሪ ይበልጥበት ይሆናል። ለማስታወቂያ ብቻ ተብሎ፣ ሥራው ሌላ ትምህርቱ ሌላ ሆኖ የተጀመረ ዲግሪ ለመውጫ ፈተና የሚሆን ጉልበት የለውም። እንደሷ ሒሳብ ላይ የምትሠራ ሴት ሒሳብ ስትማር ግን ቀን ያየችውን ማታ ታነባለች፤ ማታ ያነበበችውን ጠዋት መስኮቱ ላይ ታገኘዋለች። ያ ትልቅ ዕድል ነው። እኔ ስለ ሕፃናት አስተዳደግ ሳነብ ደጋ ላይ አርባ ሕፃናት እጄ ውስጥ ነበሩ፤ ያን ኮርስ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከሥራዬ ጋር የማይገናኙትን ግን ስማቸውንም አላስታውስ።

እና ጨርሺው አልኳት። ጨርሺው፣ ግን እንደኛ አይደለም። በአንድ ሴሚስተር ሁሉንም ኮርስ አትሸከሚ፤ የቀረውን ለሁለት ክፈይው፤ ምርቃቱ ቢዘገይ ማንም አይሞትም። የመመረቂያ ጽሑፍሽን ራስሽ ጻፊ፤ ፎቶ ኮፒ ቤት የጻፈልሽ ፈተናው ቀን አብሮሽ አይገባም። ማታ ልጅሽን የሚጠብቅልሽ ሰው ማን እንደሆነ አሁን ወስኚ፤ እናትሽ ከሆነች ደግሞ ጠይቂያት፣ እንዲሁ አትጣይባት። የኔ ባለቤት ሳትጠየቅ ነው የከረመችው። ይህን ስላት የእህቴ ልጅ ሳቀች፤ ባለቤቴ ግን ቡናውን መቅዳት ትታ ቀና ብላ አየችኝ።

አሁን የሚቀረው የፈተናው ነገር ነው። ለፈተናው ሳምንት ፈቃድ ይሰጣት እንደሆነ ጠይቃ ኃላፊዋ «የሥራ ጫና ስላለ እናያለን» ብሏታል። ይኸው ሰው የዕድገት ማስታወቂያ ላይ «የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው/ያላት» ብሎ የሚፈርም ነው። በኛ ጊዜ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፣ እኛ በክረምት ስንወርድ የቀረውን የምዝገባ ሥራ ብቻውን ይሠራ ነበር፤ ማንም አላዘዘውም። ይህን ጽሑፍ የምታነቡ የክፍል ኃላፊዎች፣ ሥራ አስኪያጆች፣ ርዕሳነ መምህራን፣ ከእናንተ ጋር እየሠራ ለመውጫ ፈተና የሚቀመጥ ሰው ካለ ስሙን ዛሬ ጠይቁ፤ ከፈተናው በፊት ጥቂት ቀን ስጡት፤ ጠረጴዛውን ደግሞ እናንተ ሸፍኑለት።