የዐማራቱ በርሜል

የዚህች በእጅ እየተገለበጠች የምትዞር ጽሑፋችን አዘጋጆች «ስለምታውቀው ነገር ጻፍልን» ቢሉኝ ሁለት ቀን ሙሉ አሰብኩ። በመጨረሻ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ሆኖ አገኘሁት፤ እርሱም የጀልባ ሞተር ነው። ይህን ብነግራቸው አንደኛው ሳቀና «እዚህ ገዳሪፍ ምድር፣ ውሃ በቦቴ ተጭኖ በሚመጣበት ካምፕ፣ ስለ ጀልባ ሞተር ማን ያነባል?» አለኝ። ልክ ነው። ግን ደግሞ ከመካከላችን አንድም ወንዝ ሳይሻገር እዚህ የደረሰ ስንት ሰው አለ? ስለዚህ ጻፍኩ። ዓመቶቹን ሱዳን እንደ ለመድነው በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።

ካርቱም የኖራችሁ ዐማራትን ታውቁታላችሁ። ለማያውቁት፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተምዕራብ ያለ፣ መንገዶቹ በቁጥር የሚጠሩ፣ ከጦርነቱ በፊት የኤምባሲና የእርዳታ ድርጅት ሰሌዳ የበዛበት የደኅና ሰዎች ሠፈር ነው። የእኛ ሰው እዚያ የሚታወቀው በዘበኝነት፣ በቤት ሠራተኝነትና መንገድ ዳር ሻይ በማፍላት ነበር። እኔም በዘበኝነት ነው የተቀጠርኩት። ጌታዬ ነጋዴ ነው፤ ጥቁር ዓባይ ላይ አርብ አርብ ቤተሰቡን የሚያንሸራሽርባቸው፣ ሲመቸው የሚያከራያቸው ሦስት ጀልባዎች ነበሩት። ሞተር እንደማውቅ ሲሰማ ከበር ላይ አንስቶ ጓሮ አስገባኝ። ጓሮው ውስጥ አንድ የኒም ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ክዳኑ የተቆረጠ የነዳጅ በርሜል ነበረ። በርሜሉን ውሃ እሞላለሁ፣ ሞተሩን ጠርዙ ላይ እሰቅላለሁ፣ ገመዱን እስባለሁ። ከወንዝ በራቀ ሠፈር መካከል በርሜል ውስጥ ሞተር ሲያጓራ ጎረቤት ሁሉ ያማርር ነበር። (ሱዳኖች ያችን ትንሽ ጀልባ «መርከብ» ይሏታል። መጀመሪያ ሰሞን «መርከቡን ጠግን» ስባል ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር።)

ሙያውን የለመድኩት ባሕር ዳር ነው። በ1986 በአንድ የሆላንድ እርዳታ ድርጅት አማካይነት የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ለጣና ዓሣ አጥማጆች ሲገባ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ በፊት እኛ የምናውቀው ታንኳ ነው። የወይጦ ጎረቤቶቻችን ከደንገል ሲሠሩት፣ ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ዳር አውጥተው ፀሐይ ላይ ሲያሰጡት፣ ሲበሰብስም ሌላ ሲያስሩ እያየን ነው ያደግነው። ስለ ታንኳ ምስጢር የሚባል ነገር የለም፤ ሲሠራ ያየ ልጅ ሲበላሽ ምን እንደ ጎደለው ያውቃል።

የዚያን ጊዜው ሞተርም ከዚህ ብዙ አይርቅም ነበር። ባለ ሁለት ምት ይባላል። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል፤ ለሃምሳ ሊትር ቤንዚን አንድ ሊትር ዘይት። ካርቡራቶር፣ ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ፒስተን፣ ከታች ማርሽና ኤሊካ፣ ሌላ ምን አለው? ካልነሳ ካንዴላውን ፈትታችሁ ታዩታላችሁ። ከረጠበ ቤንዚን በዝቶበታል፣ ከደረቀ አልደረሰውም፣ ጥላሸት ከያዘ ዘይት አብዝታችኋል። የካርቡራቶሩ ቀዳዳ ከተደፈነ በአፍ ይነፋል። የማርሹ ዘይት እንደ ወተት ከነጣ ፓራኦሊው አልቆ ውሃ አስገብቷል ማለት ነው። በትንንሾቹ ሞተሮች ላይ ኤሊካው ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ማርሹ እንዳይሰበር ተብሎ አንዲት ቀጭን ፒን ቀድማ ትሰበራለች፤ እርሷን በሚስማር ተክተን ከደቅ ደሴት ባሕር ዳር የገባንበት ቀን ትዝ ይለኛል።

ካርቱም በ1991 ስገባ ያገኘሁት ያንኑ ሞተር ነው፤ ጠላቱ ግን ሌላ ነበር። ጣና ላይ ውሃው ያን ያህል አያስቸግርም። ጥቁር ዓባይ ግን በሐምሌና በነሐሴ ከአገራችን የወረደውን አፈር ተሸክሞ ቡና መስሎ ይደርሳል። የጀልባ ሞተር የሚቀዘቅዘው በወንዙ ውሃ ነው። ከታች ስድስት ክንፍ ያላት የጎማ አበባ የመሰለች ነገር እየተሽከረከረች ውሃውን ወደ ላይ ትገፋለች፤ መሥራቷ የሚታወቀው ከሞተሩ ጎን ቀጭን ውሃ ሲፈናጠቅ ነው። ያ ደለል ጎማዋን እንደ ሞረድ ይበላታል። በክረምት ሞተሮቹን በፈታሁ ቁጥር ክንፎቿ ተልጠው፣ ማቀፊያዋ ውስጥ ቀይ ጭቃ ተጋግሮ አገኛለሁ። ጭቃውን በጣቴ እያወጣሁ ከየትኛው ወረዳ ይሆን የመጣው እል ነበር። የጎጃም ይሁን የወሎ ማን ያውቃል፤ ብቻ እርሱም እንደ እኔ ተሰዶ መጥቶ እንጀራዬን ይሰጠኝ ነበር።

መለዋወጫ ማግኘት ቀላል አልነበረም። አሜሪካ በ1997 በሱዳን ላይ የጣለችው ማዕቀብ እስከ 2017 ቆይቷል፤ በዚያ ሁሉ ዘመን የኛ ጎማ የሚመጣው ዱባይ በሚመላለስ ነጋዴ ሻንጣ ውስጥ ከሽቶና ከጨርቅ ጋር ነበር። ቢሆንም ይመጣል፤ ካልመጣም ከሌላ ሞተር ተፈትቶ፣ ተሞርዶ፣ ተለክቶ ይገባል።

ከዚያ አዲሱ ሞተር መጣ። ጌታዬ በ2019 ባለ 60 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ አራት ምት፣ ነጭ ዕቃ አስመጣ። ውሸት አልናገርም፣ የሚያኮራ ሞተር ነው። አይጮህም፣ አያጨስም። የድሮዎቹ ከሚጠጡት ቤንዚን እስከ ሩብ የሚሆነውን ሳያቃጥሉ ውሃው ላይ ይተፉ ነበር፤ ይኸኛው አንዲት ጠብታ አያባክንም። አሜሪካኖች የጀልባ ሞተር ጭስን የሚገድብ ደንብ በ1996 ካወጡ በኋላ ፋብሪካዎቹ ሁሉ በዚህ መንገድ ሄደዋል፤ ዓሣ ለሚበላና ወንዝ ለሚጠጣ ሰው ደንቡ ትክክል ነው። ከጀልባ ኋላ የሚንጠለጠለውን ሞተር ለገበያ ካበቁት ቀደምት ሰዎች አንዱ ኦሌ ኤቪንሩድ የተባለ ኖርዌይ የተወለደ አሜሪካዊ ነው፤ 1909 ነበር። በስሙ ይጠራ የነበረው ሞተር ግን በ2020 መመረቱ ቀረ። ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ስም እንዲህ ከጠፋ፣ ያን ሞተር የያዘ ሰው ነገ መለዋወጫውን ከየት ያመጣል?

የአዲሱን ሞተር ክዳን ሳነሳ የማውቀውን ካርቡራቶር አጣሁት። በቦታው ቤንዚኑን በኃይል የሚረጩ መርፌዎች፣ የኤሌክትሪክ ፖምፓ፣ እንደ ጅማት የተጠላለፈ ሽቦ፣ በመካከሉም የታሸገ ጥቁር ሣጥን አለ። ሣጥኑ የሞተሩ አንጎል ነው ተባልኩ። የካርቱም ቤንዚን በጀሪካን የሚገዛ፣ አቧራና ውሃ የገባበት ነው። አሮጌው ሞተር ይህን ጠጥቶ ያስላል እንጂ አይሞትም፤ አዲሱ ግን ጠጅ ቤት እንደ ገባ ቄስ ይሸማቀቃል።

በ2021 ታመመ። ሲነሳ ይነሳል፤ ሞቅ ሲል ይንተፋተፍና ጥቁር ጭስ ተፍቶ ይጠፋል። በርሜሉ ላይ ሰቅዬ አሥራ አንድ ቀን ታገልኩት። ካንዴላዎቹን ለወጥኩ፣ ፊልትሮውን አጠብኩ፣ መርፌዎቹን ነቀልኩ፣ የቤንዚን ፖምፓውን ፈታሁ። ስገጥመው አንዲት የምስር ፍሬ የምታክል የላስቲክ ቀለበት ጠፋችብኝ፤ ያለ እርሷ ፖምፓው ማፍሰስ ጀመረ። ፖምፓው እስኪመጣ አንድ ወር ፈጀ፤ ጌታዬም ዋጋውን ከደመወዜ ቆረጠ። በሠላሳ ዓመት ሙያዬ ጤነኛ ነገር ፈትቼ ያበላሸሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በሽታውን ሳላውቅ ነው ቢላዋ ያነሳሁት።

በዚህ ጊዜ የክርስትና ልጄን ጠራሁት። ልጁ ጅሬፍ ሸርቅ ይኖራል፣ ስልክና ኮምፒዩተር ይጠግናል። መጣ፣ ዛፉ ሥር ተቀመጠ፣ መፍቻ እንኳ አልነካም። ሽቦ ለሽቦ እየሄደ አንዲት ትንሽ ሶኬት አገኘ፤ ከእርሷ ላይ ራሱ የሠራትን ትንሽ መብራት ሰካ። ቁልፉን አዞረና «አባባ፣ ይቁጠሩ» አለኝ። መብራቷ አንድ ጊዜ በራች። ጥቂት አረፈችና አምስት ጊዜ በራች። እንደገና አንድ፣ እንደገና አምስት። «አሥራ አምስት» አለ። ከስልኩ ላይ ፈለገና «የሙቀት መለኪያው ነው። ሞተሩ ሞቆም ቀዝቃዛ ነኝ ብሎ ስለሚያምን ቤንዚን አብዝቶ ይጠጣል» አለ። ሽቦውን ተከትለን ብንሄድ አይጥ በልታዋለች። በሁለት ደቂቃ ቀጠልናት።

ደስ አላለኝም። ያን ቀን ማታ ዘበኛ ክፍሌ ገብቼ ያሰብኩትን በግልጽ እጽፋለሁ። ሞተሩ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ «አሥራ አምስት፣ አሥራ አምስት» ሲለኝ ነበር፤ እኔ ግን የሚሰማ ጆሮ አልተሰጠኝም። ፋብሪካዎቹ ሙሉውን ንግግር የሚያሰማውን ገመድና ፕሮግራም የሚሰጡት ለራሳቸው ወኪል ነው፤ ወኪል በሌለበት ወንዝ ላይ ያለው መካኒክ ሞተሩ እየተናገረ ዲዳ ይመስለዋል። ማኅደራችን የት ጠረጴዛ ላይ እንዳለ፣ ምን እንደ ተጻፈበት ሳናውቅ ዓመታት የጠበቅን ሰዎች ይህ አዲስ ነገር አይሆንብንም።

ልጁ ግን እንደ እኔ አላየውም። «አባባ፣ የድሮው ሞተር አይዋሽም እንጂ አይናገርም። ይኸኛው ይናገራል። ቋንቋውን መማር ነው» አለኝ። ሰማያዊ ልባስ ያለው ደብተር አምጥቶም ያገኛቸውን ቁጥሮች ሁሉ ከነትርጉማቸው በአማርኛ ጻፈልኝ። እኔ ደግሞ ካርቡራቶር መፍታት አስተማርኩት። እጁ ለስላሳ ነበር፤ በየሳምንቱ ይቆስላል።

የሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጧት ለእኛ ቅዳም ሥዑር፣ ለእነርሱ ረመዳን ነበር። ዶሮው ተገዝቶ፣ ሽንኩርቱ ተከትፎ ነበር። ተኩሱ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሲጀምር ዐማራት አጥር ለአጥር ነውና የኒሙ ቅጠል በግቢው ላይ ረገፈ። ከዚያ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ አልደግመውም።

በዳግም ትንሣኤ ሰሞን ጌታዬ ቤተሰቡን ይዞ ከሄደ በኋላ፣ በማረፊያው ደቡብ ዞሬ በእግሬ ጅሬፍ ወረድኩ። ጀልባዎቹ እዚያ ዳር ታስረው ነበር። ድልድዩ አያሳልፍም፤ የክርስትና ልጄ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ማዶ ቀርቷል፤ ሌላም ብዙ የእኛ ሰው አብሮት አለ። ወደ መዳኒና ወደ ገዳሪፍ የሚሄደው አውቶቡስ ያለው እኔ ባለሁበት በኩል ነው። ትልቁ ጀልባ ላይ አዲሱ ሞተር አለ፤ አሥራ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ይይዛል። ገባሁና ቁልፉን አዞርኩ። ጤነኛ ሲሆን የቤንዚን ፖምፓው ሁለት ሰከንድ ያህል ዝዝ ይላል፤ ምንም አላለም። መብራት ከጠፋ ቀናት አልፈዋል፣ ባትሪው ደርቋል። የላይኛውን ክዳን አንስቼ ገመድ ጠምጥሜ ሳብኩት፤ ዞረ፣ ግን ያለ ኤሌክትሪክ ፖምፓውም አንጎሉም አይነሱም። ትንሿን መብራት ሰካሁ። አልበራችም። ያን ቀን የሚነገረኝ ቁጥር አልነበረም።

አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ከዳር ሆነው ያዩኝ ነበር። «ያ ኡስታ፣ ተወው፣ የኔን ውሰድ» አሉኝ። የእርሳቸው ባለ ሁለት ምት፣ ባለ 15፣ ቀለሙ ያለቀ፣ እኔው ራሴ ስንት ጊዜ የፈታሁት ነው። በሦስተኛው ስበት ተነሳ። ጀልባቸው ሰባት ሰው ትይዛለች። በሚያዝያ ወንዙ ጎድሎ አሸዋው ስለሚወጣ ሞተሩን ግማሽ አንስቼ በቀስታ ነው የምሄድ።

መጀመሪያ ጊዜ ሕፃናት ያሏቸውን አመጣሁ። በሁለተኛው የክርስትና ልጄ ሚስቱንና ልጆቹን አሳፍሮ ለራሱ ቦታ ነበረው፤ አንዲት ሻይ የምትሸጥ አሮጊት ሲያይ ወረደላት። «አባባ፣ በሦስተኛው እመጣለሁ» አለ። ደብተሩን ለሚስቱ ሲሰጣት አይቻለሁ። ሦስተኛውን ለመሄድ ጀልባዋን ሳዞር ከማዶ ተኩስ ተከፈተ፤ ሽማግሌው ገመዱን ይዘው አልለቅም አሉኝ። እስኪመሽ ጠበቅን። ባለ 60ው ቢነሳ ኖሮ ሁሉንም በሁለት ጊዜ አመጣቸው ነበር፤ ይህን ሒሳብ በየሌሊቱ እሠራዋለሁ። አሮጌው ባይኖር ደግሞ አንድም ሰው አልመጣም ነበር፤ ይህንንም እሠራዋለሁ።

ሚስቱና ልጆቹ እዚሁ ካምፕ ከእኔ ጋር ናቸው። ከእርሱ እስካሁን ወሬ የለም። ከካርቱም በኋላ የመጣችሁ፣ ጅሬፍ ሸርቅ ስልክ ይጠግን የነበረ፣ ቀኝ እጁ ላይ የቆየ የመፍቻ ጠባሳ ያለበት ረጅም ልጅ ያያችሁ ብትኖሩ፣ ጽሑፉን ከሚገለብጡት ልጆች ዘንድ መልእክት ተዉልኝ።

ደብተሩንም እነርሱ ዘንድ አኖራለሁ። የቁጥሮቹ ሰንጠረዥ አንድ ሙሉ ገጽ ስለሚፈጅ እዚህ አይገለበጥም ብለውኛል፤ ጣና ወይም ሌላ ውሃ ዳር የሚመለስ ልጅ ካለ መጥቶ ይገልብጥ። ከመጨረሻው ገጽ ታች በእርሱ እጅ የተጻፈ አንድ ቁጥር አለ፣ 44። ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አድርጎበታል። ትርጉሙን ሲያገኝ ሊነግረኝ ነበር።