በቡላኦስ የርካሽ መቀመጫ ፍለጋ

ስለ ጅቡቲ ከተማ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ወደቡ፣ ስለ ባቡሩና ስለ ሙቀቱ ነው። እኛ ግን በዛሬው ጽሑፋችን የምናወሳው ሕዝብ በብዛት ስለሚኖርበት ስለ ቡላኦስ ነው፤ ይልቁንም በዚያ ሰፈር የተወደደ የዘፈን ቴአትር በመጣ ጊዜ ደመወዙ አነስተኛ የሆነ ሰው መቀመጫ ስለሚያገኝበት ዘዴ ነው። ነገሩ ቀላል ቢመስልም የቤተሰብን ኪስና የሰውን ክብር የሚነካ ስለ ሆነ ሊናቅ አይገባውም።

የጅቡቲ ከተማ በ3 ክፍል ትተዳደራለች፤ እነዚህም ራስ ዲካ፣ ቡላኦስና ባልባላ ይባላሉ። ራስ ዲካ ወደ ባሕሩ የተጠጋ፣ የቆዩ መሥሪያ ቤቶችና ሱቆች ያሉበት ሥፍራ ነው። ባልባላ በነሐሴ ወር 1958 ዓ.ም. ከተነሣው የሕዝብ ቁጣ በኋላ ፈረንሣዮች በከተማዪቱ ዙሪያ ካጠሩት የሽቦ አጥር ውጭ የበቀለ ሰፈር ነው። ቡላኦስ ከሁለቱ መካከል ይገኛል፤ መንደሮቹም በቁጥር ይጠራሉ። ከሐሙዲ መስጊድና ከመሐሙድ ሐርቢ አደባባይ ተነሥቶ ወደ ውስጥ የሚገባ እንግዳ በአንድ መንገድ ላይ ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ዓረብኛና ፈረንሣይኛ ይሰማል። አማርኛም አይታጣም። ከአዲስ አበባ የተዘረጋው የመጀመሪያው የባቡር ሐዲድ ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ደግሞ በዘመናችን፣ ሰውን ከነቋንቋው ሲያመላልሱ ኖረዋልና።

በዚህ አገር የዘፈን ቴአትር ሲባል ምን እንደ ሆነ አስቀድመን ብናስረዳ መልካም ነው። ሶማሌዎች ሪዋያድ ይሉታል። ሥሩ የተተከለው በ1930ዎቹ ዓመታት አጋማሽ አብዲ ሲኒሞ የተባለ የጭነት መኪና ሾፌር ባልዎ የተባለውን አጭር የፍቅር ዜማ ባስፋፋ ጊዜ ነው። አጭሩ ዜማ እየረዘመ ሄዶ በዑድ ታጀበ፤ ከዚያም በመድረክ ላይ ታሪክ ተሠራለት። የሶማልኛ ቋንቋ የራሱ ይፋዊ ጽሕፈት ያገኘው በሶማልያ በ1965 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ቀደምት ደራስያን ግጥሙን ለተዋናዮቹ በቃል ያስጠኑ ነበር። ተዋናዩ በግጥሙና በዜማው ላይ አንዲት ቃል መለወጥ አይፈቀድለትም፤ በተራው ንግግር ግን እንደ ምሽቱና እንደ ተመልካቹ መጨመርና መቀነስ ይችላል። ስለዚህ አንድ ቴአትር በሁለት ምሽት አንድ ዐይነት አይሆንም። ዘፈኑም ከመድረክ ወደ ሬዲዮ፣ ከሬዲዮ ወደ ካሴት፣ ዛሬም ወደ ስልክ ይተላለፋል።

የቴአትር ሥፍራ በጅቡቲ አልጠፋም። በፈረንሣዮች ዘመን የተሠራው፣ ሳሊን የሚባለው ጣራ የሌለው ቴአትር ስሙ የታወቀ ነው፤ አገሪቱ ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላም በቻይና መንግሥት እርዳታ የሕዝብ ቤት የተባለ ትልቅ አዳራሽ ተሠርቷል። ችግሩ ቦታ ማጣት አይደለም። ሰው ሁሉ የሚወደው ዘፈን በመጣ ጊዜ ወንበሩ ከፈላጊው ማነሱ ነው። ደግሞም የጅቡቲ ፍራንክ ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ 177.721 ፍራንክ በ1 የአሜሪካ ዶላር ሒሳብ ጸንቶ የቆየ ገንዘብ ስለ ሆነ፣ ብሩን መንዝሮ ለሚኖር የኢትዮጵያ ሠራተኛ ሁሉም ነገር ውድ ይሆንበታል።

እኛም ለመንግሥት ሥራ ጥቂት ሳምንታት በቡላኦስ በተቀመጥንበት ጊዜ ባለቤታችንና ሁለቱ ሴቶች ልጆቻችን ሊጠይቁን መጥተው ነበር። በዚያው ሰሞን መንደሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ አንድ አዲስ የዘፈን ቴአትር ነበር። የመግቢያውን ዋጋ ስንጠይቅ፣ የአንዱ የፊት ወንበር ሒሳብ ከኋላ ባለው የድንጋይ ደረጃ ላይ አራት ሰው አስቀምጦ ለመጓጓዣም እንደሚተርፍ ተረዳን።

አብሮን ይሠራ የነበረ አንድ ጓደኛችን፣ «የመንግሥት ሠራተኛ ከደረጃ ላይ ተቀምጦ ቢታይ ለመሥሪያ ቤቱ ክብር አይሆንም፤ ከፊት አንድ ወንበር ይያዙና ብቻዎን ይምጡ» ሲል መከረን። ባለቤታችን ግን፣ «አንተ ብቻህን አይተህ ከምትተርክልን አራታችን አይተን ብንጨዋወትበት ይሻላል፤ ልጆቹ ከነገ ወዲያ ይሄዳሉ» አለች። አበላችን ተቆጥሮ የተሰጠን ስለ ነበር ሁለቱን ምክር በአንድነት መቀበል አይቻልም ነበር። እኛም እንደ ጎረቤት ሳይሆን እንደ ቤት መኖር ይገባል የሚለውን የአባቶች አነጋገር አስበን የደረጃውን መቀመጫ መረጥን።

ሆኖም መምረጥ ሌላ፣ ማግኘት ሌላ ነው። በዚህ ረገድ የጠቀሙን በድሬዳዋ ተወልደው በቡላኦስ ያረጁ አንዲት ጎረቤታችን ናቸው።

«ልጄ» አሉን፤ «በመጀመሪያው ምሽት አትሂዱ። እሱ የእንግዶችና የሹማምንት ምሽት ነው። በሦስተኛው ሂዱ፤ ያን ጊዜ ተዋንያኑም ፍርሃታቸው ይለቃቸዋል።»

«እማማ፤ በሦስተኛው ምሽት ቦታ ቢያልቅስ?» ብንላቸው ሣቁ።

«ቲኬቱን ማታ ከበር ላይ የሚገዛ ሰው ነው ቦታ የሚያልቅበት። ጫቱ ከአገራችሁ ቀትር ላይ ይገባል። ከዚያ በኋላ ወንዱ ሁሉ ተቀምጦ ይቅማል፤ በመስኮቱ ፊት የሚሰለፉት ሴቶች ብቻ ናቸው። ሚስትህን በ9 ሰዓት ላካት። ማታ ከበሩ አጠገብ በእጁ ይዞ ከሚያዞር ሰው ግን ከቶ እንዳትገዙ፤ አንዱን በሁለት እጥፍ ይሸጥላችኋል።»

ደግሞም ስለ ደረጃው አንድ ነገር ነገሩን፤ ይኸውም ከታች በወንበሮቹ መካከል አየሩ እንደሚታፈንና ከላይ ግን የባሕሩ ነፋስ እንደሚደርስ ነው። በዚህ አገር ከግንቦት እስከ መስከረም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚወጣበት ቀን ብዙ ስለ ሆነ፣ ነፋስ የሚያገኝ መቀመጫ ከቬሉዶ ወንበር ይመረጣል።

ሁሉም እንደ ተነገረን ሆነ። ባለቤታችን ከሴቶቹ ጋር ተሰልፋ 5 ቲኬት ይዛ ተመለሰች፤ አምስተኛው የእማማ ነበር። ከዒሻ ጸሎት በኋላ ትራስና የውኃ ጠርሙስ ይዘን ወጣን። ታሪኩ አባቷ ለሀብታም ነጋዴ ሊድራት ስላሰበ፣ እርሷ ግን የወደብ ሠራተኛ ስለ ወደደች ልጃገረድ ነው። አባትየው የጥሎሹን ገንዘብ እየቈጠረ በዘፈነ ጊዜ ከእኛ በስተግራ የተቀመጠች አንዲት ሴት ከቦታዋ ሆና መለሰችለት። ተዋናዩም ዘፈኑን ሳያቋርጥ ቀና ብሎ እጅ ነሣት፤ ከደረጃው የተነሣው ሣቅ ለረጅም ጊዜ አልበረደም። አዝማቹ በተደገመ ጊዜ በላይ ያለው ሕዝብ ሁሉ ተቀበለ። ልጆቻችንም ትርጉሙን ከእማማ አፍ እየሰሙ፣ በሦስተኛው ድግግሞሽ ከሰዉ ጋር አብረው አዜሙ።

በማግሥቱ፣ በዚያው ምሽት ከፊት ወንበር የነበረው ጓደኛችን፣ «ለመሆኑ ያ ሕዝብ ያን ያህል የሣቀው በምን ነበር?» ብሎ ጠየቀን። ሴትዮዋ፣ «ልጅቷን ሳይሆን ግመሏን ዳርልን» ማለቷን ነገርነው። እርሱም ከልቡ ሣቀ፤ ነገር ግን አንድ ቀን ዘግይቶ ነው።

ርካሽ መቀመጫ የቴአትር ሕይወት መሆኑ የአንድ አገር ነገር አይደለም። ከ400 ዓመት በፊት የሼክስፒር ቴአትሮች በለንደን ከተማ በግሎብ ሲታዩ፣ 1 ፔኒ የከፈለ ሰው በመድረኩ ሥር ቆሞ ይመለከት ነበር። በ1910ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በተሠራው በአስመራው ቴአትርም መቀመጫው በፎቅ በፎቅ የተደራጀ ነው። በአዲስ አበባም በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር ቴአትርና ሙዚቃን በአንድ መድረክ ማቅረቡ ሕዝቡን የሳበ ነገር ነው።

በዚህ ላይ የራሳችንን ልምድ ብንጨምር ሐሰት አይሆንም። የአፍ መፍቻ ቋንቋችን ትግርኛ ነው፤ አማርኛን የተማርነው በሚስዮን ትምህርት ቤት ከመጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ሰዋስውን በሚገባ አስተማረን። ቃሉ በምን ጊዜ እንደሚያስቅ፣ በምን ጊዜ እንደሚያስከፋ የተማርነው ግን በአዲስ አበባ በወጣትነታችን ከቴአትር ቤት የኋላ ረድፍ ተቀምጠን፣ አጠገባችን ያለው ሰው ሲሥቅ ምክንያቱን እየጠየቅን ነው። ለማያውቁት ሰው «ምን አለ?» ብሎ ለመጠየቅ የሚቻለው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው በሚቀመጡበት ቦታ ነው።

ስለዚህ አማርኛን በመማር ላይ ያላችሁ የሥራ ባልደረቦቻችን ይህን ምክር ብትቀበሉን ደስ ይለናል። የግብዣ ወረቀት ቢመጣላችሁ በአክብሮት ተቀበሉ፤ በሌላ ምሽት ግን ቲኬታችሁን በቀን ገዝታችሁ፣ ቤተሰባችሁን ይዛችሁ፣ ከሕዝቡ ጋር ተቀመጡ። ቴአትር የሚያዘጋጁ ክፍሎችም፣ አንድ ዘፈን በተወደደ ቍጥር የኋለኛውን መቀመጫ ዋጋ ከፍ ለማድረግ ባይቸኩሉ መልካም ነው። ከዚያ ላይ ያለው ሕዝብ ከቀረ ዘፋኙ አዝማቹን ሲያወርድ የሚቀበለው አያገኝምና።