ሰው ተኵላ የሆነበት ፍርድ

ጎረቤታችን ብረት ቀጥቃጩ ማታ ማታ ጅብ ይሆናል ሲባል ሰምታ ታናሺቱ ልጄ እንቅልፍ ብታጣ፥ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝና ከመዝገብ እንደማነብ ሆኜ የግሪኮችን የጥንት ተረት ነገርኋት።

በአርካዲያ ሊቃኦን የሚባል ንጉሥ ነበረ። ግሪኮች የአማልክት አለቃ የሚሉት ዜውስ ሰው መስሎ በእንግድነት ቢመጣበት፥ ንጉሡ አምላክነቱን ሊፈትን ሲል በመያዣነት የተቀመጠ ሰው አርዶ ሥጋውን በማዕድ አቀረበለት። ዜውስም ቤቱን በመብረቅ መታው፤ ሊቃኦንም ወደ ዱር ሸሽቶ ልናገር ቢል ድምፁ የአውሬ ጩኸት፥ ልብሱም ጠጉር ሆነበት። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ የጻፈው እንዲህ ነው። በግሪክ ቋንቋ ሊቆስ ማለት ተኵላ ነው።

የግሪኩ ጸሐፊ ጳውሳንያስ ግን የተገደለው ሕፃን ነው፥ ደሙም የፈሰሰው በሊቃዮን ተራራ መሠዊያ ላይ ነው ይላል። ምስክሮች ሲለያዩ ማየት ለእኔ አዲስ አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በዚያው መሠዊያ አመድ ውስጥ የአንድ ወጣት አጽም ተገኝቷል፤ መሥዋዕት ስለ መሆኑ ግን ማስረጃ አልቆመለትም።

እኔን እጅግ ያስደነቀኝ ሌላ ነው። ከሊቃኦን በኋላ በዚያ መሥዋዕት ተኵላ የሆነ ሰው፥ የሰው ሥጋ ሳይቀምስ ከቆየ በ10ኛው ዓመት ወደ ሰውነቱ ይመለሳል ይባል ነበር። ስንት ፍርድ ገልብጫለሁ፤ ጥፋቱን፥ ቅጣቱንና መፈቻውን እንዲህ ለይቶ ያስቀመጠ ጥቂት ነው።

ልጄ ጸጥ ብላ ከሰማች በኋላ፥ «አባባ፥ ቀጥቃጩስ ማንን ገደለ?» አለችኝ።

«ማንንም አልገደለ» አልኋት። በማግሥቱም መጥረቢያችን እንዲሳልልን ወደ እርሱ ስሄድ እርስዋንም ይዣት ሄድሁ።