ኪነሬትን በብስክሌት፦ ለወላጅና ለልጅ የአንድ ቀን ጉዞ

ከሐዴራ ወደ ኪነሬት ሩቅ አይደለም። በዋዲ ዓራ ወጥታችሁ አፉላን ካለፋችሁ፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ብዙዎቻችን ግን ሐይቁን የምናውቀው በግማሽ ቀን ሽርሽር ነው፤ ሥጋ ይጠበሳል፣ ልጆች ይዋኛሉ፣ ሳይመሽ ቤት ይገባል። ዛሬ የምንመክራችሁ ሌላ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ያለፈው ልጅ ካላችሁ፣ አንድ ቀን ለሁለታችሁ ለዩና ሐይቁን በብስክሌት ዙሩት። ዙሪያው 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እየበሉ፣ እያረፉና እያወሩ ለሚሄዱ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ይፈጃል።

«በመኪናስ ምን አለበት?» ትሉ ይሆናል። እስቲ ቤታችሁን ተመልከቱ። በኩፓት ሆሊም፣ በባንክ፣ በማዘጋጃ ቤት፣ አንዳንዴም በገዛ ትምህርት ቤቱ የሚያስተረጉመው ልጅ ነው። እናት ወይም አባት አጠገቡ ተቀምጠው «ምን አለ?» ይላሉ። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ግን ውሎ አድሮ «ወላጆቼ የሚያውቁት ነገር የለም» ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ሐይቅ ዳር ነገሩ ይገለበጣል። ደንቢያ ወይም ጣና ዳር ያደገ ሰው ኪነሬት ዳር የሚያስረዳው ብዙ ነገር አለ። ለማስረዳት ደግሞ ዝግ ያለ ጉዞ ያስፈልጋል። በመኪና አንዱን ነገር ሳትጨርሱ ቦታው ያልፋል፣ ልጁም ስልኩን ያያል።

መጀመሪያ እዚሁ ሐዴራ ተለማመዱ። ለጥቂት ሳምንታት በናሐል ሐዴራ ፓርክ፣ በባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ንዱ። ትምህርቱም ከዚያ ይጀምራል። ሐዴራ በ1891 ስትመሠረት አካባቢው ረግረግ ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ብዙዎቹን ወባ ፈጅቷቸዋል። ባሕር ዛፉ የተተከለው ረግረጉን እንዲያደርቅ ነው። ወባ ምን እንደሚያደርግ ለደንቢያ ሰው አይነገረውም። ወደ ኢትዮጵያም ባሕር ዛፍ የገባው በዚያው ዘመን፣ በአፄ ምኒልክ ጊዜ ነው። ልጃችሁ ስለ ሐዴራ ረግረግ በትምህርት ቤት ሰምቶ ይሆናል፤ ያው ዛፍ በአያቱ አገር ቤት ሲሠራበትና ማገዶ ሲሆን እንደኖረ ግን የምትነግሩት እናንተ ናችሁ።

የጉዞው ቀን መኪናችሁን ከሐይቁ ደቡብ ጫፍ፣ ጸማሕ ላይ አቁሙ። ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ ቀጥሎም ወደ ሰሜን ሂዱ። በዚህ አገር የሚነዳው በቀኝ ስለሆነ ሐይቁ በእናንተ በኩል ይሆናል። ገና ሳትደክሙ ደጋንያ አጠገብ፣ ዮርዳኖስ ከሐይቁ የሚወጣበትን ድልድይ ትሻገራላችሁ። እዚህ ጋ ቁሙ። ያንኑ ወንዝ ከሰዓት በኋላ በሰሜን በኩል ሲገባ ታገኙታላችሁና። ጣናም እንዲሁ ነው፤ ግልገል ዓባይ ይገባበታል፣ ዓባይ ባሕር ዳር ላይ ይወጣዋል። ወንዙ ከሐይቁ ጋር ሳይቀላቀል ሰንጥቆ ያልፋል ሲሉ ሽማግሌዎቻችንን ሰምታችሁ ይሆናል። ልጃችሁ በቁጥር የሚያምን ከሆነ ቁጥርም አለ። ኪነሬት 165 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጣና ወደ 3,000 ይጠጋል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጧል፤ ኪነሬት ከባሕር ወለል በታች 210 ሜትር ያህል ወርዷል። ባሕር ዳርም ብስክሌት የበዛባት ከተማ ናት፤ ሐይቅና ብስክሌት ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደሉም።

ጥብርያዶስ ስትደርሱ በዳርቻው መናፈሻ የሐይቁን ከፍታ የሚያሳይ ምልክት አለ። የላይኛው ቀይ መስመር ከባሕር ወለል በታች 208.80 ሜትር፣ የታችኛው 213 ሜትር ነው። ከ1964 ጀምሮ የአገሪቱ ትልቁ የውሃ መስመር ከዚህ ሐይቅ እየቀዳ ወደ ደቡብ ሲወስድ ኖሯል። አሁን ግን ቤታችን ያለው ውሃ በብዛት ከባሕር ተጣርቶ የሚመጣ ነው፤ ከትልልቆቹ ማጣሪያዎች አንዱም እኛው ሐዴራ፣ ባሕሩ ዳር ይገኛል። በ2025 ደግሞ የተጣራ የባሕር ውሃ በጻልሞን ወንዝ በኩል ወደ ኪነሬት መፍሰስ ጀመረ። ድሮ የሚቀዳው ሐይቅ ዛሬ ይቀዳለታል ማለት ነው።

ትንሽ አልፋችሁ ጊኖሳር ታገኛላችሁ። በ1986 በድርቁ ውሃው ሲሸሽ፣ ከጭቃው ውስጥ ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ያስቆጠረ የእንጨት ጀልባ ወጣ፤ ዛሬ እዚያው ሙዚየም ውስጥ ይታያል። ተሰብሮ በተለያየ እንጨት ደጋግሞ የተጠገነ ነው። ልጁ ሲገረም የጣናን ታንኳ ንገሩት፦ ከደንገል እንደሚታሰር፣ ውሃ እየጠጣ ሲከብድ ፀሐይ ላይ እንደሚሰጣ። ደንገል ምን እንደሆነ ማሳየት ከፈለጋችሁ፣ ከዚህ በስተሰሜን በሁላ ሸለቆ ይበቅላል። ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ የዓሣው ነገር ይመጣል። የኪነሬቱ አምኑን የጣናው ቆሮሶ ዘመድ ነው። አምባዛ ራሱ በሁለቱም ሐይቅ አለ፤ ቅርፊት ስለሌለው ኦሪት ይከለክለዋል። እናቶቻችን ይህን ያወቁት የካሽሩት ማኅተም ከማየታቸው በፊት ነው።

በሰሜን ዮርዳኖስን ተሻግራችሁ በምሥራቁ ዳርቻ ስትወርዱ የጎላን ተራራ በግራ ይሆናል። እዚህ እግር ይዝላል፣ ወሬም ይቀንሳል። በመጸውና በጸደይ ቀና ብላችሁ እዩ፤ ሽመሎች በመቶ ሺዎች እየሆኑ በዚህ ሸለቆ ወደ አፍሪካ ይወርዳሉ፣ ይመለሳሉም። በአገር ቤት ልጆች ሽመላ ሲያዩ ስለ ኢየሩሳሌም ይጠይቁት ነበር። የጠየቀው ሰው አሁን ከወፉ መንገድ ሥር ብስክሌት እየገፋ ነው። ይህን ልጁ ከማንም መጽሐፍ ይልቅ ከእናንተ አፍ ቢሰማው ይሻላል።

አሁን ለጥንቃቄው። በበጋ አትሂዱ፤ ሸለቆው እንደ ምጣድ ይግላል። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ይመቻል። አንዳንዱ ቦታ የብስክሌትና የእግር መንገድ አለው፣ አንዳንዱ ቦታ ግን ከመኪና ጋር መጋፋት ነው፤ ልጁን ከፊት አድርጉት፣ እናንተ ከኋላ ሁኑ። ከከተማ ውጭ ቃስዳ ለትልቅም ለትንሽም ግዴታ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር ውሃ፣ ትርፍ ካላማዳሪያና መንፊያ ያዙ። ዓርብ ከሆነ ጎሕ ሲቀድ ተነሱ፤ ሰንበት ሳይገባ ሐዴራ መድረስ አለባችሁ። ጉልበታችሁ ካልፈቀደ ከጸማሕ እስከ ጊኖሳር ያለውም ይበቃል። መንዳት የማይችሉትን አያት ቤት አትተዉ። በመኪና መጥተው ዔን ጌቭ ላይ ዳቦና ሻይ ይዘው ይጠብቋችሁ፤ ስለ ታንኳውም ከእናንተ የተሻለ የሚያውቁት እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።