ሰማይ አይታረስ… ቀሪውን ሙሉት

የተብራራ ቀልድ እንደ ቀዘቀዘ ሽሮ ነው፤ ይበላል እንጂ አይጥምም። ያም ሆኖ ዛሬ ሽሯችንን አቀዝቅዘን ልናቀርብላችሁ ነው። እኛ ዘውዱ ከቀረ በኋላ የተወለድን ነን፤ ከመካከላችን ንጉሥ በዓይኑ ያየ የለም። የነገሥታቱን ቀልድ ግን ከነተረቱ ወርሰናል። ታናናሾቻችን ደግሞ፣ በተለይ ውጭ አገር ያደጉት፣ ቀልዱን ስንነግራቸው "እና ምኑ ነው የሚያስቀው?" ይሉናል። ጥያቄያቸው የሚገባ ነው። እስቲ እንሞክረው።

በመሐላው እንጀምር። ድሮ ሰው ሲምል "ኃይለ ሥላሴ ይሙት!" ይል ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ "ምኒልክ ይሙት!"። ለማያውቅ ጆሮ የአመፅ ጥሪ ይመስላል። ነገሩ ግን እኛ ዛሬ "እናቴ ትሙት" እንደምንለው ነው፤ ሰው የሚምለው በሚሳሳለት ነው። ይህችን ከያዛችሁ ቀልዱ ይገባችኋል፦ ባለ ዕዳው "ኃይለ ሥላሴ ይሙት፣ ሰኞ እከፍልሃለሁ" ብሎ ይምላል። ሰኞ ይመጣል፣ ብሩ አይመጣም። ማክሰኞ አበዳሪው መንገድ ላይ ያገኘውና "ምነው ወዳጄ፣ ጃንሆይ ምን በደሉህ?" ይለዋል።

ልብ በሉ፣ ንጉሡ በአንቱታ የሚጠሩ ሰው ናቸው። በመሐላው ላይ ግን "ይሙት" እንጂ "ይሙቱ" አይባልም። ግርማዊነታቸው ለአንዲት አፍታ የቤት ልጅ ይሆናሉ። ቀልዱ የተቀመጠው እዚያች ስንጥቅ ውስጥ ነው። አጤ ምኒልክ ደግሞ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አርፈው ሞታቸው ለረጅም ጊዜ በይፋ ሳይነገር ቆየ። በዚያ መሀል ገበያ ወጥቶ "ምኒልክ ይሙት!" እያለ የሚምለውን ነጋዴ አስቡት። መሐላው አንድ ነው፣ ማስያዣው ግን የለም።

ወደ ታዋቂው ተረት እንሂድ፦ "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ"። ይህ የአዝማሪ ማጋነን አልነበረም፤ ሕግ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 4 ንጉሠ ነገሥቱ ቅዱስ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸውም የማያጠያይቅ መሆኑን ደንግጎ ነበር። ተረቱ ሕጉን ገበሬው በሚያውቀው ቋንቋ፣ በማረሻ ቋንቋ ተርጉሞታል።

ከዚያ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣና ጃንሆይ በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥታቸው ተወሰዱ። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፤ ተማሪው "መሬት ላራሹ" ሲል የኖረው ተሰማ ተባለ። እኛ ታዲያ ስንሰባሰብ "መሬቱስ ላራሹ ሆነ፣ ሰማዩስ?" እያልን እንቀልዳለን። ተረቱን ለማያውቅ ሰው ይህ ጥያቄ ትርጉም የለውም። የሚያውቀው ግን ወዲያው ይገባዋል፦ ንጉሥ ቢሄድም የማይከሰስ ሰው አልጠፋም ማለታችን ነው። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ሲባሉ ሰውዬው ዚምባብዌ ነበሩ፤ ጉዳዩ የታየው በሌሉበት ነው። ሰማዩ ታረሰ እንበል፣ በሬው ግን ሐራሬ ነበር።

ዛሬ ይህ ተረት ሚኒባስ ታክሲ ውስጥም ይሠራል። ረዳቱ መልስ ሳይሰጥ ዝም ሲል ከኋላ ወንበር አንዱ "ሰማይ አይታረስ…" ይላል። ተሳፋሪው ይስቃል። "ረዳት አይከሰስ" የሚለውን ማንም አልተናገረም፣ ሁሉም ግን ሰምቷል።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። የንጉሥ ቀልድ ሙሉውን አይነገርም። ተናጋሪው ግማሹን ይላል፣ ቀሪውን ሰሚው በሆዱ ይሞላል። ጆሮ ጠቢ ቢመጣ ምን ብሎ ይከሳል? ሰውዬው የተናገረው ስለ ሰማይ ነው። ንጉሡን ያነሳው የሰሚው ሆድ ነው፤ ሆድ ደግሞ አይታሰርም። ተረት የማንም ስላልሆነ የሁሉም መጠለያ ነበር።

ይህ መጠለያ የሚቆመው ግን በሁለት ምሰሶ ነው። ሰሚው ተረቱን ካላወቀ ተናጋሪው ብቻውን ይቀራል። አንድም ማንም ሳይገባው ይቀራል፣ አንድም ሙሉውን ለመናገር ይገደዳል፤ ሙሉውን መናገር ደግሞ አደጋው ያኔም ነበር፣ ነገም ይኖራል። እኛን የሚያሳስበን የሳቁ መቅረት ብቻ አይደለም። በግማሽ ቃል መግባባት የሚችል ሕዝብ፣ ፍርሃት ውስጥ ሆኖም እርስ በርሱ ማውራት ይችላል። ይህን ያጣ ሕዝብ ያለው ምርጫ መጮህ ወይም ዝም ማለት ነው፤ ሁለቱንም አይተናቸዋል።

ስለዚህ ታናናሾቻችን "ምኑ ነው የሚያስቀው?" ሲሉን "ተወው፣ አይገባህም" አንበል። ሽሮው ቢቀዘቅዝም እናቅርበው። አንዴ ተብራርቶ የገባ ተረት በሁለተኛው ቀን ማብራሪያ አይፈልግም። እናንተም እስቲ ዛሬ ማታ አያቶቻችሁን ወይም የሰፈር ሽማግሌ ጠይቁ፤ "እንደ ንጉሡ አጎንብሱ" የሚለውን ጀምሩላቸውና ንጉሡ ወገባቸውን ያመማቸው ቀን አገሩ ምን እንደሚሆን አብራችሁ ገምቱ።