ቁልፉን ይዞ የሞተው

ከጭሮ ወደ በደሳ ለሚገባ ሰው «በቀኝ በኩል ያለው ቤት» የተባለው፣ ከገለምሶ ለሚመጣው በግራ ነው። አንድ ሜሞሪ በጋራ የሚጠቀሙ ፕሮግራሞችም እንዲሁ ናቸው፤ ያው ቦታ ለእያንዳንዳቸው በተለያየ አድራሻ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ሜሞሪውን የሚያከፋፍለው ኮድ አድራሻ ሳይሆን «ከመነሻው ይህን ያህል ባይት» ብሎ ይመዘግባል። ይሄ ቀላሉ ነው።

ከባዱ ሞት ነው። አንዱ ፕሮግራም የክፍፍሉን መዝገብ ቆልፎ፣ ግማሹን ጽፎ ድንገት ቢገደል ሌሎቹ በር ላይ ቆመው ይቀራሉ። ለዚህ «ባለቁልፉ ሞቷል» ብሎ ለተከታዩ የሚናገር የቁልፍ ዓይነት አለ፤ ፖዚክስ በ2008 እ.ኤ.አ. ደረጃው ውስጥ አካቶታል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይዘናጋል። ቁልፉ ተገኘ ማለት መዝገቡ ተስተካከለ ማለት አይደለማ! ባዶ ተብሎ የተጻፈው ቦታ ባለቤት ያለው ሊሆን ይችላል፤ ያኔ አንዱ ቦታ ለሁለት ይታደላል።

ፖስትግሬስ የተባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ጨከን ያለውን መንገድ መርጧል። ከሠራተኞቹ አንዱ በብልሽት ሲወድቅ ዋናው ፕሮግራም ሌሎቹንም ያስወጣል፣ የጋራውን ሜሞሪ እንደ አዲስ ያዘጋጃል፣ የጸደቀውን ሥራ ዲስክ ላይ ካለው መዝገብ ይመልሳል። ተጠቃሚው ለጥቂት ጊዜ ይቋረጣል። ይቋረጥ! በደሳ ላይ የቡና ሒሳብ የሚያስገባ ልጅ «እንደገና ይሞክሩ» ቢባል ይናደዳል እንጂ አይከስርም። የአንዱ ነጋዴ ሒሳብ በሌላው ላይ ተጽፎ ካደረ ግን ጠቡ ከወራት በኋላ ሽማግሌ ፊት ነው የሚመጣው።